ከገደሉ በፊት መኪናው አለ

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ የማሳልፈው አለት በመውጣት ነው። አሁን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እንደገና የእንቅስቃሴ ገደብ ስለተጣለ የምለማመድበት አዳራሽ ተዘግቷል። መመሪያው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከቤት ሳይርቁ፣ ደጅ ስፖርት መሥራትን ይፈቅዳል። የምንወጣበት ገደል ግን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ገመድ የሚይዝልኝ ጓደኛዬ የሚኖረው ሌላ ቤት ነው፤ የሚሠራው መድኃኒት ቤት ነው። እሱ ሌላ ሰው ይዞ በየሳምንቱ መሄዱን አላቋረጠም። «እዚያ ሰው የለም፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ማንን እንጎዳለን?» ሲለኝ መልስ አጣሁለት። ሱፐርማርኬት ውስጥ መተፋፈግ ተፈቅዶ ሰው የሌለበት ገደል ላይ መውጣት ለምን እንደሚከለከል አይገባኝም። ቤት መዋሉ እያሳበደኝ ነው፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በትንሹም በትልቁም እነጫነጫለሁ። ብሄድ ነውር ነው? ከሄድኩስ ገመዱንና ዕቃውን በምን ላጽዳው? ባለቤቴ አትሂድ ትላለች። እናቷም ከእኛ ጋር ናቸው፤ 76 ዓመታቸው ነው።*

*ገደሉ የናፈቀው*

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን ላስቀድምልህ፤ በጻፍክልኝ ሁኔታ፣ ማለትም «ከቤት ሳይርቁ» የሚል መመሪያ እያለ አንድ ሰዓት ተኩል ነድተህ፣ ከሌላ ቤት ከመጣ ሰው ጋር፣ አትሂድ። ነውር ነው ወይ ላልከኝ ግን፣ አለት መውጣት በራሱ ምንም ነውር የለበትም። በወረርሽኝ ጊዜ ሰው ሊሠራቸው ከሚችላቸው ስፖርቶች ውስጥ ከክፉዎቹ የሚመደብም አይደለም። ጓደኛህ መልስ ያሳጣህም ለዚህ ነው፤ ከሚናገረው ግማሹ እውነት ነው።

እውነት የሆነውን ግማሽ አልነፍገውም። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ሰው ሲያወራ፣ ሲያስል፣ ሲያለከልክ ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች ቤት ውስጥ ሲሆን አየሩ ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ ደጅ ሲሆን ነፋሱ ይበትናቸዋል። እጅን በተመለከተም መጀመሪያ ላይ የነበረው ፍርሃት ኋላ ረግቧል። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቫይረሱ ፕላስቲክና ብረት ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ሲታይ፣ ብዙ አለት ወጪ ሌላው የጨበጠውን መያዣ መጨበጥ ፈርቶ ነበር። በኤፕሪል 2021 የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል የተበከለ ነገር በመንካት በሽታው የመያዝ ዕድሉ በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። ስለዚህ አለቱን ተወው፤ እሱ ጥፋት የለበትም። እዚያ ላይ ሳለህ ልትተወው የሚገባ ልማድ ቢኖር፣ ገመዱን ስበህ ካራቢነሩ (ገመዱ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት) ውስጥ እስክታስገባው ድረስ በጥርስህ መንከስን ነው። አብዛኞቻችን ሳይታወቀን እናደርገዋለን፤ ያንን ገመድ ደግሞ ቀደም ብሎ የጓደኛህ እጅ ይዞት ነበር፣ ምናልባትም አፉ።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው» የሚባለው ለእናንተ ተገልብጧል። ገደሉን አይታችሁ መንገዱን አላያችሁትም። እስቲ ቀኑን ከጠዋቱ ጀምረን እንከተለው። ጓደኛህ ቤትህ በር ላይ መጥቶ መኪናህ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ስለሚበርድ መስኮቱ ይዘጋል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ እያወራችሁ፣ ምናልባትም ዘፈን ከፍ አድርጋችሁ በዘፈኑ ላይ እየጮኻችሁ፣ የአንዳችሁን ትንፋሽ ሌላችሁ እየሳባችሁ ትሄዳላችሁ። ሲመሽ ደክሟችሁ በዚያው መኪና ትመለሳላችሁ። ሦስት ሰዓት ማለት ነው። «አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለው ጓደኛህ ከመኪናው ወርዶ ስላለው አየር እንጂ ስለ ውስጡ አየር አልነገረህም። ከደጅ ስፖርቱ ውስጥ አደገኛው ክፍል ከፊቱና ከኋላው የተቀጠለው የቤት ውስጥ ቆይታ ነው። በ2021 በ5,364 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የኤቨረስት መነሻ ሰፈር ውስጥ ኮሮና ገብቶ፣ የታመሙ ተራራ ወጪዎች በሄሊኮፕተር ወደ ካትማንዱ ተወስደዋል። ከዚያ የበለጠ ነፋስ ያለበት ቦታ ብዙ አይገኝም፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሰው የሚበላውና የሚተኛው ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ ነው።

ገደሉ ሥር ደርሳችሁስ? አንዱ አለቱ ላይ ሌላው መሬት ላይ ሲሆን በመካከላችሁ ብዙ ሜትር አለ፤ ያ ጥሩ ነው። ከመነሳትህ በፊት ግን ቋጠሮህን ያይልሃል፣ የወገብ መታጠቂያህን ዘለበት ይነካልሃል፣ አንተም የእሱን የገመድ መያዣ ታያለህ። ይህ የግድ ነው፤ ርቀት ለመጠበቅ ብሎ እርስ በርስ መፈታተሽን የሚዘል ሰው ከኮሮና አምልጦ በመውደቅ ይሞታል። ጭምብል አድርጋችሁ በአጭሩ ብትጨርሱት ስጋቱ ጥቂት ነው። ብዙ ገመድ የሚፈጅ ረጅም ገደል ከሆነ ግን ሁለታችሁም አንድ ማረፊያ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተንጠልጥላችሁ ትቆያላችሁ። ቦልደሪንግ፣ ማለትም ያለ ገመድ ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ መውጣት ቢሆን ደግሞ የሚጠብቅህ ሰው እጁን ዘርግቶ ከጀርባህ መቆም አለበት። እንዲያው «አለት መውጣት» ብሎ በጅምላ መፍረድ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ወደ ጣልካት ነገር ልምጣ። ስለ ሱፐርማርኬቱ ከዚያ በላይ ጽፈሃል፤ የባለቤትህ እናት በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቅ ብለው ጠፉ። እኔ ደብዳቤህን ያነበብኩት ከእሳቸው ጀምሬ ወደ ላይ ነው። 76 ዓመት የሞላው ሰው በዚህ በሽታ ቢያዝ የሚገጥመው አደጋ ካንተ ጋር በፍጹም አይወዳደርም፤ የሞቱት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ጓደኛህ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የሚስል፣ የሚያተኩስ፣ ትኩሳት ማብረጃ የሚጠይቅ ሰው ፊት ለፊቱ ይቆማል። ይህ ጥፋቱ አይደለም፤ እሱን የመሰሉት ባይሠሩ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ግን በሽታው የያዘው ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ማስተላለፍ ይጀምራል። «ደህና ነኝ» ሲልህ እውነቱን ይሆናል፤ እውነቱ ግን ለእማማ ዋስትና አይሆንም። በዚያ ላይ በየሳምንቱ አብሮት የሚሄደው ሌላ ሰው አለ። ያ ሰው ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራ አታውቅም፤ ቢያንስ አልጻፍክልኝም። አንድ መኪና ውስጥ ስትገባ የምትገባው ከእነዚህ ሁሉ ቤቶች ጋር ነው።

እናም ባለቤትህ «አትሂድ» ስትልህ አለት መውጣትን ጠልታ አይመስለኝም። የእናቷን ትንፋሽ እየሰማች የምታድር ሴት ናት። አንተ ለእኔ ከመጻፍህ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ ብለህ ብትነጋገርበት ኖሮ ምናልባት ይህ ዓምድ ለሌላ ጥያቄ ይተርፍ ነበር። አልቆጣህም፤ ብቻ የባለቤት ፍርሃት ከመመሪያም ከጓደኛ ክርክርም በፊት መሰማት አለበት ባይ ነኝ።

የሱፐርማርኬቱን ነገር አልሸሸውም፤ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ገበያው ከገደሉ የበለጠ አደገኛ እንደሆነ ማንም አይክድህም። የተፈቀደው ግን አደጋ ስለሌለው ሳይሆን ሰው ሳይበላ ስለማያድር ነው። ገደብ የሚያወጡ ሰዎች እያንዳንዱን ድርጊት በየፊናው መዝነው «ይህ ያስይዛል፣ ይህ አያስይዝም» እያሉ አይደለም የሚወስኑት። የከተማውን ሰው እንቅስቃሴ በጠቅላላው መቀነስ ይፈልጋሉ፤ የግድ የሆነውን ያስቀራሉ፣ የቀረውን ይቆርጣሉ። መሣሪያቸው ደነዝ ነው። ደነዝ መሣሪያ ደግሞ የማይገባውንም ይቆርጣል። ፈረንሳይ በ2020 የመጀመሪያው ገደብ ወቅት ሰው ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ ለስፖርት የሚወጣውም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ አዝዛ ነበር፤ ደኑም ተራራውም ተዘጋ። ለፓሪስ ሰው ቅርብ የሆነው፣ የቦልደሪንግ መናኸሪያው የፎንቴንብሎ ደን ባዶውን ከረመ። ብቻውን ደን ውስጥ የሚንሸራሸር ሰው ማንን ይጎዳል? ማንንም። በኖቬምበር መጨረሻ፣ በሁለተኛው ገደብ፣ መመሪያ አውጪዎቹ ራሳቸው ገደቡን አላልተው 20 ኪሎ ሜትርና ሦስት ሰዓት አደረጉት።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በጃንዋሪ 2021 ሁለት ሴቶች ከቤታቸው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው የውኃ ግድብ ዳር በእግራቸው ሊንሸራሸሩ ሲሄዱ ፖሊስ አስቁሞ እያንዳንዳቸውን 200 ፓውንድ ቀጣቸው። በእጃቸው የያዙት ትኩስ መጠጥ እንኳ እንደ ሽርሽር ተቆጠረባቸው። ነገሩ አገር ሲያስቅ ቅጣቱ ተሰርዞ ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን የምነግርህ መመሪያ ሁሉ ቅዱስ ነው ብዬ እንደማላምን እንድታውቅ ነው። በ2020 አጋማሽ እንግሊዝ የሚኖር አለት ወጪ አገሩ ውስጥ የፈለገበት ድረስ ነድቶ መውጣት ሲፈቀድለት፣ ዌልስ ያለው ወንድሙ ስምንት ኪሎ ሜትር አካባቢ ተወስኖ ነበር። ቫይረሱ ድንበሩን አያውቀውም፤ መመሪያው ግን ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ «ከቤት ሳይርቁ» የሚለውን ቃል አንተም እኔም እንረዳዋለን። ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ሰው ሊከራከር ይችላል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን የሚያከራክር ነገር የለም። እያወቅክ ልትጥሰው ከሆነ ጥሰቱን በስሙ ጥራው እንጂ ትርጉም አትፈልግለት። ሕግ መጣስ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ የቅዳሜ አለት ግን እዚያ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም።

ጓደኛህ «ማንን እንጎዳለን?» ያለው ደግሞ በሽታውን ብቻ አስቦ ነው። አደጋውን እናስበው። አለት መውጣት ሰው እንደሚፈራው ሁሉ በየቀኑ ሰው የሚጎዳበት ስፖርት አይደለም፤ ከእግር ኳስ ሜዳ የሚመጣው ቁርጭምጭሚት ይበልጣል። ልዩነቱ የተጎዳው ሰው ያለበት ቦታ ላይ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ እግሩ የተሰበረ ሰው አምቡላንስ አጠገቡ ድረስ ይመጣለታል። ገደል ሥር እግርህ ቢሰበር ቃሬዛ ይዘው በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች ያስፈልጉሃል። አንድን ሰው በቃሬዛ ድንጋያማ ቁልቁለት ለማውረድ ባንድ ጊዜ ስድስት ሰው ያህል ይይዛል፤ ስለሚደክማቸው የሚቀይራቸው ሌላ ስድስት ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት ሰው፣ ከአሥራ ሁለት ቤት፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ላንተ ሲሉ እያለከለኩ። በብዙ አገሮች እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሲመለሱ እናት፣ አባት፣ ልጅ ወዳለበት ቤት ነው የሚገቡት።

ነገሩ በግምት የቀረ እንዳይመስልህ አንድ ታሪክ ልንገርህ። በፌብሩዋሪ 2021፣ እንግሊዝ በገደብ ላይ ሳለች፣ ሁለት ሰዎች ከሩቅ ከተማ ነድተው መጥተው ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ባለው በሌክ ዲስትሪክት ተራራ ላይ ድንኳን ተከሉ። ሌሊት አንደኛው ደረቱን አመመውና እርዳታ ጠሩ። ሊደርስላቸው ከወጣው የነፍስ አድን ቡድን ውስጥ አንድ በጎ ፈቃደኛ በጨለማ ተንሸራትቶ 150 ሜትር ያህል ወደቀ፤ አከርካሪው ክፉኛ ተጎድቶ ሕይወቱ ያን ሌሊት ተለወጠ። ሰፋሪዎቹ እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ተቀጡ። ሲሄዱ ማንንም ለመጉዳት አላሰቡም፤ እንደ ጓደኛህ «እዚያ ሰው የለም» ብለው ይሆናል የሄዱት። «ሰው የለም» የሚለው የሠራላቸው ግን ሰው እስኪፈልጉ ድረስ ብቻ ነው።

ገደሉ ያለበት አካባቢ ሰዎችም አሉ። ከከተማ የምንሄድ አለት ወጪዎች ገደሉን ከሰማይ የወረደ እናስመስለዋለን እንጂ ከሥሩ መንደር አለ፣ ማሳ አለ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለ። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ሞአብ የምትባል፣ አለት ወጪ ሁሉ የሚያውቃት ትንሽ ከተማ አለች። በማርች 2020 አዳራሾች ሲዘጉ ሰው ወደዚያ ጎረፈ። የከተማዋ ሆስፒታል 17 አልጋ ብቻ ያለው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሌለው ነበርና ሐኪሞቹ ለአገረ ገዥው «እባክዎ ሰው እንዳይመጣብን አድርጉልን» ብለው ጻፉ። ወዲያው የአካባቢው ጤና መሥሪያ ቤት ሆቴሎችና የድንኳን ሜዳዎች የውጭ እንግዳ እንዳይቀበሉ አገደ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ቶሎ አይረሳም። የምንወጣበት ገደል ክፍት የሚሆነው የአካባቢው ሰው ፈቃዱ እስከሆነ ድረስ ነው፤ በክፉ ቀን በሽታ ይዞ የመጣ መኪና ሰሌዳው ይታወሳል። ወረርሽኙ አልፎ የመሬቱ ባለቤት በሩን ቢዘጋብህ ምን ልትለው ነው?

አለት ወጪው ማኅበረሰብ ራሱ ይህን ቶሎ ነበር የተረዳው። የብሪታንያ የተራራ ወጪዎች ምክር ቤት በማርች 2020 አባሎቹ ገደል እንዳይሄዱ ለመናቸው። ኔፓል በማርች 12 ቀን 2020 የጸደዩን የኤቨረስት ፈቃድ ሰረዘች፣ ያውም ከተራራው የምታገኘው ገቢ ብዙ ሆኖ ሳለ። አሜሪካ ያለው፣ በገደሎቹ የታወቀው የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ በማርች 20 ተዘግቶ የተከፈተው በጁን 11 ነው። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጁ የነበሩት፣ ስፖርታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሊገባላቸው የነበረ ወጣቶች፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል። እነሱ ከአንተ ያነሰ አልናፈቃቸውም።

ታዲያ መቼ ነው «ሂድ» የምልህ? በእግርህ ወይም በብስክሌት የምትደርስበት ድንጋይ ካለ ዛሬውኑ ሂድ። ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ዝቅተኛ አለት ፈልገህ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ውጣበት፤ እግርህ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስክ። ማንም ገመድ አይይዝልህም፣ ማንም አይጠብቅህም፣ ብትወድቅ በእግርህ ትቆማለህ። ሰው ካለበት ዞረህ ተመለስ፤ ጠዋት ማልደህ ብትሄድ ደግሞ ሰው አይኖርም። ባለቤትህ ገመድ መያዝ የምትችልና የምትፈልግ ከሆነች፣ ከአንድ ቤት ናችሁና ግማሹ ጭንቀቴ ይወገዳል፤ የሚቀረው ርቀቱ ብቻ ነው። መመሪያው ላልቶ ርቀቱ ሲፈቀድ ደግሞ ከጓደኛህ ጋር በየመኪናችሁ ሂዱ፤ ነዳጅ ይበላል፣ ግን እማማ ቤት ናቸው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከአቅምህ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ መስመር ውጣ። ለወራት ያልሠራ ጅማት እንደ ድሮው መስሎህ ብታዘው ይበጠሳል፤ ጡንቻ በሳምንታት ሲመለስ የጣት ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። «እኔ አልወድቅም» የሚለውን ሐሳብ ያን ጊዜ እንኳ አትመነው፤ ከረጅም ዕረፍት የተመለሰ ሰው ድፍረቱ እንጂ ጉልበቱ የድሮው አይደለም።

እንቅልፍ ማጣትህንና ንጭንጭህን ቀላል አድርጌ አላየሁትም። አንተ «ገደሉ የናፈቀው» ብለህ ፈረምክ፤ እኔ ግን ስፖርቱ ብቻ አይመስለኝም። ገደል ላይ ሳለህ ከሚቀጥለው መያዣ በቀር ሌላ ሐሳብ የለህም፤ ወረርሽኙ የነሳህ ይህንን ዕረፍት ነው። ስለዚህ እሱን የሚተካ ነገር ፈልግ እንጂ ክንድህን የሚያደክም ብቻ አትፈልግ። የተፈቀደልህን አንዷን የስፖርት ሰዓት አታባክናት፤ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳለ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ውጣ። የጠዋት ብርሃን ለማታ እንቅልፍ ይረዳል። ስልክህን መኝታ ክፍል አታስገባ፣ በተለይ ጓደኛህ ከገደሉ ላይ የሚልክልህን ፎቶ። ቤት ውስጥ የጣት መለማመጃ ሰሌዳ በር ላይ የምትሰቅል ከሆነ፣ በሳምንት ከሁለት ቀን አታስበልጥ፣ እግርህን ወንበር ላይ አስደግፈህ ክብደትህን ቀንስ። በገደብ ወራት ከገደል ይልቅ በዚህ ሰሌዳ ጣቱን የጎዳ አለት ወጪ ጥቂት አይደለም። እንቅልፉ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተስተካከለ፣ ወይም ንጭንጩ ቤተሰቡን የሚያስፈራ ከሆነ ሐኪም አነጋግር፤ ያ ደግሞ ገደቡ የማይከለክለው ጉዞ ነው።

ጓደኛህን አትጣላው፤ መካሪም ፖሊስም አትሁንበት። «ከእኔ ጋር የሚኖሩት እናት 76 ዓመታቸው ነው፣ አንተ ደግሞ መድኃኒት ቤት ትሠራለህ፤ ስለዚህ እስኪላላ አልመጣም» በለው። የሕግ ክርክር ከከፈትክለት ይረታሃል፤ ምክንያቱም እንዳልኩህ ግማሹ እውነት ነው። ይህንን ግን የሚረታበት መንገድ የለውም። ጨዋ ሰው ከሆነ ራሱም ያስብበታል። ካላሰበበትም ያንተ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል።

የገመዱን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ ነው። ገመድ፣ የወገብ መታጠቂያና ማሰሪያ ሁሉ ናይለን ወይም መሰል ነገር ናቸውና በረኪና በጭራሽ እንዳይነካቸው፤ የእጅ ሳኒታይዘርም አትርጭባቸው። ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠብ፣ ሳሙናው እስኪጠፋ ደጋግመህ አለቅልቅ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግተህ አድርቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አይሁን። በ2020 አምራቾቹ ራሳቸው ይመክሩ የነበረው ዕቃውን ለ72 ሰዓት አስቀምጦ መቆየት ነው፤ አንተማ አሁን ከዚያ በላይ ልታስቀምጠው ነው። እጅ እንዳያዳልጥ የምንቀባውን ዱቄት በተመለከተ፣ ከደረቁ ማግኒዥየም ካርቦኔት ይልቅ አልኮል ያለበት ፈሳሹ ዓይነት ይሻላል፣ ያውም ለእጅህ እንጂ ለገመዱ አይደለም። ገመዱ የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አውጣው፤ የባትሪ አሲድ ትነት ናይለንን ሳይታይ ይበላዋል። ስታጥበው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችህ መካከል አሳልፈህ ዳብሰው። የሳሳ፣ የጠፈጠፈ ወይም ያበጠ ቦታ ካገኘህ እዚያ ጋ ቁረጠው፤ ቀሪው ለገደሉ የማይበቃ ከሆነ ሌላ ገመድ ግዛ።